ከቮልጋ እስከ ካንሳስ፦ ጀርመኖቹ መሬቱን በነጻ ነው ያገኙት?

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ትራክ ነጂ ነኝ። ከዴንቨር ካንሳስ ሲቲ በአይ-70 እመላለሳለሁ። ሃይስ የምትባለውን ከተማ አለፍ እንዳልኩ፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ሁለት ማማ ያለው ትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። ዙሪያው እርሻ ብቻ ነው። ነዳጅ ስቀዳ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ‹ያንን የሠሩት ቅድመ አያቶቼ ናቸው፤ ከራሺያ የመጡ ጀርመኖች ናቸው› አሉኝ። ጀርመን ከሆኑ ራሺያ ምን ወሰዳቸው? አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ‹መንግሥት መሬት በነጻ አደላቸው፣ ሌላ ምን አለ› ይላል። እኔ ‹ባዶ እጃቸውን መጥተው በላባቸው ነው ያገኙት› እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?»

መልስ፦

ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። በነጻ የተገኘ መሬት ነበር፤ ግን ብዙው የተገዛ ነው። ላባቸው ፈስሷል፤ እጃቸው ግን ባዶ አልነበረም። ለእኔ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ አልመጡም። መንደር ሙሉ ሆነው፣ ከነሙያቸውና ከነእምነታቸው፣ እርስ በርስ ተዋውቀው ነው የመጡት። የመጡትም ገበሬ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎ። (ዓመቶቹም ወራቶቹም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከራሺያው ልጀምር። በ1763 ንግሥት ዳግማዊት ካትሪን አዋጅ አወጣች። ራሷም በትውልድ የጀርመን ልዕልት ነበረች። አዋጁ የውጭ ሰዎችን ይጠራል። ኑ፣ መሬት እንሰጣችኋለን። ለ30 ዓመት ግብር አትከፍሉም። ልጆቻችሁ ለውትድርና አይገደዱም። በሃይማኖታችሁ የሚመጣባችሁ የለም። በዚያው ዓመት የሰባት ዓመቱ ጦርነት ገና ማብቃቱ ነበር። ሄሰንና ሌሎች የጀርመን ግዛቶች ደቅቀዋል፤ ሕዝቡም ተርቧል። ስለዚህ ከ25 ሺህ በላይ ሰው ተነቅሎ ሄደ። በቮልጋ ወንዝ ዳር፣ በሳራቶቭ ከተማ አካባቢ፣ መቶ የሚያህሉ መንደሮች ቆረቆሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ከሄዱት ውስጥ ብዙዎቹ ገበሬ አልነበሩም። ጫማ ሰፊው፣ ሸማኔው፣ ከጦር የተሰናበተው ሁሉ ነበረበት። ቃል የተገባላቸው ቤት አልጠበቃቸውም፤ መሬት ቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ የከረሙ አሉ። ዛፍ የሌለበት፣ ዝናብ የሚያጥርበት፣ ዊንተሩ አጥንት የሚሰብር ሜዳ ነው። ያንን ሜዳ ማረስ የተማሩት እዚያው፣ ሰው እየሞተባቸው ነው። ትምህርቱም መቶ ዓመት ፈጀ። ካንሳስ ሲደርሱ ታዲያ መሬቱ አዲስ አልሆነባቸውም። ከኦሃዮና ከኒውዮርክ ለመጣው አሜሪካዊ ግን ዛፍ የሌለበት ሜዳ ጉድ ነበር።

ለምን ወጡ? ዛር አሌክሳንደር ዳግማዊ በ1871 የሰፋሪዎቹን ልዩ መብት ሰረዘ። በ1874 ደግሞ ውትድርና ለሁሉም ግዴታ ሆነ። ካትሪን የሰጠችው ቃል የቆየው መቶ ዓመት ከጥቂት ብቻ ነው። ግን ውትድርናው ብቻ አይደለም። በቮልጋ መንደሮች መሬት የግለሰብ ሳይሆን የመንደሩ ነበር። በየጊዜው በወንድ ቁጥር ይሸነሸናል። ቤተሰቡ ደግሞ ትልልቅ ነው። ሕዝቡ ሲበዛ የአንዱ ድርሻ ይሳሳል። ይሄንን ለእኛ አገር አንባቢ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልለይ። ከራሺያ የመጡት ጀርመኖች ሁሉ አንድ አይደሉም። ሃይስ አካባቢ የሰፈሩት የቮልጋ ካቶሊኮች ናቸው። ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ኒውተን አካባቢ የሰፈሩት ደግሞ ሜኖናይቶች ናቸው። እነሱ የመጡት ከዛሬዋ ዩክሬን ደቡብ ነው። ጦር መሣሪያ አንነካም የሚሉ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ስለዚህ የ1874ቱ ሕግ በቀጥታ ሃይማኖታቸውን ነካው። ካንሳስ ይህን አይቶ ወዲያው በዚያው ዓመት ሕጉን አሻሻለ፤ በሃይማኖት ምክንያት ጦር የማይይዝ ሰው ከሚሊሺያ ነጻ ይሁን አለ። ዛር የከለከለውን አንድ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ሰጠ ማለት ነው። ሜኖናይቶቹ ደግሞ ከቮልጋዎቹ ይልቅ ገንዘብ ነበራቸው።

ቮልጋዎቹ ዝም ብለው አልተነሱም። በ1874 ተሰብስበው አምስት ሰላዮች መርጠው ወደ አሜሪካ ላኩ። ሰላዮቹ የወይን ዘለላ አላመጡም። የኔብራስካ አፈር፣ ትንሽ የሜዳ ሣር፣ ጥቂት የወረቀት ገንዘብና የባቡር ድርጅቶች የሚያድሉትን ጽሑፍ ይዘው ተመለሱ። ሰው አፈሩን ዳሰሰ፤ ሣሩን አየ። በ1875 መጨረሻ ላይ የመጀመሪያዎቹ ከብሬመን በመርከብ ባልቲሞር ገቡ፤ ከዚያ በባቡር የካንሳስ ዋና ከተማ ቶፒካ።

አሁን ወደ ባቡሩ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሚፈታው እዚህ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ባቡር ለሚዘረጉ ድርጅቶች ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን መሬት ነው የሰጠው። ሳንታ ፌ የሚባለው ድርጅት ካንሳስ ውስጥ ብቻ ወደ ሦስት ሚሊዮን ኤከር አገኘ። አሰጣጡ እንደ ዳማ ሰሌዳ ነው። መሬቱ 640 ኤከር ስፋት ባላቸው ካሬዎች ይከፈላል። ጎዶሎ ቁጥር ያለው ካሬ የባቡሩ ነው፤ ተጋማሽ ቁጥር ያለው የመንግሥት። ድርጅቱ መሬቱን መሸጥ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ግን የሚፈልገው ጭነት ነው። ገበሬ በሌለበት ሜዳ ባቡር ምን ይጭናል? እርስዎ ይሄን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ባዶ ተጎታች መጎተት ኪሳራ ነው። ስለዚህ ሳንታ ፌ ጀርመንኛ የሚናገር ሠራተኛ ቀጠረ፤ ሲ. ቢ. ሽሚት ይባላል። ሽሚት በ1875 ራሺያ ድረስ ሄዶ ሰው ቀሰቀሰ። ድርጅቱ ለሜኖናይቶቹ ቤት እስኪሠሩ የሚያርፉበት ረጃጅም መጠለያ አዘጋጀላቸው። መሬቱንም በዱቤ ሸጠላቸው። ይሄ ውለታ አይደለም፤ ንግድ ነው።

የጓደኛዎ ነጥብ የሚመጣው በተጋማሽ ቁጥሩ ካሬ ላይ ነው። በ1862 ሊንከን የፈረሙት የሆምስቴድ ሕግ 160 ኤከር ይሰጣል። ወደ 65 ሄክታር መሆኑ ነው፤ በድሮው መለኪያችን ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። የሚከፈለው 18 ዶላር ገደማ ነበር። ዜጋ መሆን ወይም ዜጋ ለመሆን ማመልከት ያስፈልጋል። አምስት ዓመት መሬቱ ላይ መኖርና ማልማት ግዴታ ነው። ግን ጥቃቅን ፊደሎቹ እዚህ ጋ ናቸው። በባቡር መስመሩ አካባቢ እስከ 1879 ድረስ የሚፈቀደው 80 ኤከር ብቻ ነበር። ጥሩ ጥሩው፣ ለጣቢያ ቅርብ የሆነው፣ በብዛት በሽያጭ ነው የሚገኘው። ቮልጋዎቹ መጀመሪያ ግሬት ቤንድ አካባቢ ሲጠይቁ ኤከሩ 5 ዶላር ተባሉ። አይቻለንም አሉ። የካንሳስ ፓሲፊክ ባቡር ወኪል ደግሞ ኤሊስ ካውንቲን አሳያቸው፤ ሃይስ ያለችበትን ማለት ነው። እዚያ ዋጋው ከ2 እስከ 2.50 ዶላር ነበር። መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ነው የረከሰው። በ1876 እነ ሊበንታል፣ ካትሪን፣ ኸርዞግ፣ መንጆር፣ ፋይፈር የሚባሉትን መንደሮች ቆረቆሩ። ከፊሉን መሬት ገዙ፤ ከፊሉን በሆምስቴድ ያዙ።

በነጻ የተገኘውም ቢሆን በነጻ አይታረስም። ማረሻ፣ ጥንድ በሬ ወይም ፈረስ፣ ዘር፣ የውኃ ጉድጓድ፣ እስከ መጀመሪያው አዝመራ የሚበላ። ይሄ ሁሉ ሲደመር ብዙ መቶ ዶላር ነው። ከየት አመጡት? ወንዶቹ የባቡር ሐዲድ ሥራ ገቡ። ሴቶች ልጆች ቶፒካና ሃይስ ሰው ቤት ተቀጠሩ። ሜዳው ላይ የተበተነ የጎሽ አጥንት ለቅሞ መሸጥም አንድ ሥራ ነበር፤ ፋብሪካ ለማዳበሪያ ይገዛዋል። አዲስ አገር የገባ ሰው ምን እንደሚሠራ እርስዎም እኔም እናውቃለን። የሚለየው ብሩ የት እንደገባ ነው። የልጅቷ ደሞዝ፣ የአባትየው የሐዲድ ሥራ ሁሉ ወደ አንድ መሬት ይፈስሳል።

አሁን ወደ ሙያው። ሰው «የጀርመን ታታሪነት» ሲል አልወድም። ታታሪ ሆኖ የከሰረ ገበሬ ካንሳስ ውስጥ ሞልቶ ነበር። ልዩነቱ እውቀት ነው። ዛፍ በሌለበት አገር በምን ይበሰላል? በኩበት። እበቱን ከገለባ ጋር ረግጠው፣ እንደ ጡብ ቆርጠው፣ በፀሐይ አድርቀው ይከምራሉ። ከሰልና እንጨት በገንዘብ ነው የሚመጣው፤ ኩበት ግን ከራስ በረት። ቤት በምን ይሠራል? መሬት ቆፍሮ፣ ከነሥሩ በተገመሰ ሣራማ አፈር ግድግዳ ማንሣት ነው። ይሄንን በራሺያ ያውቁታል። ሜኖናይቶቹ ጭራሽ በሣርና በገለባ የሚነድ ትልቅ ምድጃ ቤታቸው መሃል ይገነቡ ነበር። ስንዴ ለመውቃትም ሰባት ጥርስ ያለው ከባድ የድንጋይ ሲሊንደር ጠረቡ። ፈረስ አውድማው ላይ ይጎትተዋል። እሱስ ብዙም አልቆየ፤ የመውቂያ ማሽን ቶሎ ተካው።

ልዩነቱን በዓይን ማየት ከፈለጉ ያ ያዩት ቤተ ክርስቲያን ያለባት ከተማ፣ ቪክቶሪያ፣ ራሷ ምስክር ናት። ስሟ የጀርመን አይደለም። በ1873 ጆርጅ ግራንት የሚባል ስኮትላንዳዊ የሐር ነጋዴ እዚያ ሰፊ መሬት ገዝቶ የእንግሊዝ ሀብታም ልጆችን አመጣ። ከተማዋን በንግሥታቸው ስም ሰየማት። ግራንት አንገስ የሚባሉትን ጥቁር ኮርማዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካ ያስገባ ሰው ነው፤ በዚህ ምስጋና ይገባዋል። ልጆቹ ግን ከእርሻው ይልቅ አደኑንና ፈረስ ግልቢያውን ወደዱት። ችግር ሲመጣ አብዛኞቹ ሄዱ። ግራንትም በ1878 ሞተ። ጀርመኖቹ ጎን ለጎን የቆረቆሯት ኸርዞግ ቪክቶሪያን ዋጠቻት፤ የእንግሊዞቹ ስም ብቻ ቀረ። ገንዘቡስ እንግሊዞቹ ጋ ነበር።

የስንዴው ታሪክ የሜኖናይቶቹ ነው። በ1874 በጋ፣ ልክ እነሱ ሲገቡ፣ አንበጣ ካንሳስን ወረረ። የነዋሪው በቆሎ ተበላ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ሜኖናይቶቹ ከክራይሚያና ከአካባቢው የለመዱት ስንዴ ግን የተለየ ነው። «ተርኪ ሬድ» ይባላል፤ ፍሬው ቀይና ጠንካራ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ይዘራል። ዊንተሩን በበረዶ ሥር ያሳልፋል። የበጋው ትኩስ ንፋስ ሳይጠናበት ሰኔ ላይ ይታጨዳል። ለካንሳስ የተፈጠረ ይመስላል።

ልጆች ፍሬ በፍሬ መርጠው ሣጥን ሞልተው አመጡት የሚል ወሬ አለ። ደስ ይላል፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ዝርዝሩን አይቀበሉትም። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ወፍጮ ቤቶች ይሄን ስንዴ ይጠሉት ነበር። ፍሬው ጠንካራ ስለሆነ የድንጋይ ወፍጮ በደንብ አይፈጨውም። ስለዚህ በርካሽ ነው የሚገዙት። ነገሩ የተለወጠው የብረት ሲሊንደር ወፍጮ ሲመጣ ነው። በርንሃርድ ዋርከንቲን የሚባል ሜኖናይት በሃልስቴድና በኒውተን ወፍጮ ቤት ነበረው፤ ዘሩን ከራሺያ ደጋግሞ አስመጣ። የግብርና ሚኒስቴሩ ተመራማሪ ማርክ ካርልተንም በ1890ዎቹ መጨረሻ ራሺያ ሄዶ ዘር ፈለገ። ገበሬው፣ ወፍጮው፣ ሳይንቲስቱ ሲገናኙ ካንሳስ የስንዴ አገር ሆነ። ዋርከንቲን በ1908 በቤሩት አካባቢ በባቡር ሲጓዝ ባጋጣሚ በተተኮሰ ጥይት ሞተ። ቦታው ያኔ የቱርክ ግዛት ነበር፤ የ«ተርኪ» ስንዴ ሰው ቱርክ ምድር ላይ ማለቁ ይገርማል።

መንደር ሆነው መኖራቸው ከሕጉ ጋር አጋጭቷቸዋል። የሆምስቴድ ሕግ «መሬትህ ላይ ኑር» ይላል። ቮልጋዎቹ ደግሞ ቤት ለቤት ተጠጋግተው መኖር ነው የለመዱት። መላ ዘየዱ። በሥራ ወቅት ሳምንቱን እርሻው ላይ በሠሯት ጎጆ ያሳልፋሉ፤ ለእሑድ መንደር ይገባሉ። ቤተ ክርስቲያን ሳይኖራቸው በፊት መንደሩ መሃል ትልቅ የእንጨት መስቀል ተክለው ሥሩ ይጸልዩ ነበር።

ሰውዬው ያሉዎት እውነት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ቅዱስ ፊደሊስ ይባላል፤ ከ1908 እስከ 1911 ነው የተሠራው። ከ12 ዓመት በላይ የሆነ ቆራቢ ሁሉ 45 ዶላርና ስድስት ጋሪ ድንጋይ ተመደበበት። ድንጋዩ ከከተማዋ በስተደቡብ ይወጣል። ሰው ፈልጦ፣ ጭኖ፣ በፈረስ ያመጣዋል። ትልቅ ቤተሰብ ያለው ሰው ስንት ጋሪ እንደደረሰበት ያስሉት። በ1912 ፖለቲከኛው ዊሊያም ጄኒንግስ ብራያን አይቶት «የሜዳው ካቴድራል» አለው፤ ስሙ ቀረ። ጳጳስ ተቀምጦበት ስለማያውቅ በደንቡ ካቴድራል አይደለም፤ በ2014 ግን ባዚሊካ ተብሏል።

ክርክራችሁ ውስጥ ያልገቡ ሁለት ሕዝቦች አሉ። የመጀመሪያዎቹ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ መሬቱ ባዶ አልነበረም። የካንሳ ሕዝብ በ1873 ካንሳስን ለቅቆ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው እንዲሄድ ተደርጓል፤ የክፍለ ግዛቱ ስም የእነሱ ነው። ሻያንና አራፓሆ በ1867ቱ የሜዲሲን ሎጅ ውል ተገፍተዋል። ባቡሩ የሸጠው መሬት ከዚህ በኋላ «ነጻ» የሆነ መሬት ነው።

ሁለተኛዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ጀርመኖቹ ኤሊስ ካውንቲ በገቡ በዓመቱ፣ በ1877፣ ከኬንታኪ የመጡ ከባርነት የወጡ ሰዎች ከሃይስ ወደ ሰሜን ምዕራብ ኒኮዲመስ የምትባል መንደር ቆረቆሩ። ሕጉ አንድ ነው፤ ሜዳው አንድ ነው። እነሱም ጉድጓድ ቤት ውስጥ ኖሩ፤ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ሠሩ። ግን ሲመጡ ከብትም ዕቃም ብዙ አልነበራቸውም። በዱቤ የሚያስተናግዳቸው አልነበረም። በ1888 ደግሞ ባቡሩ መንደሯን ትቶ በሌላ በኩል አለፈ። ነጋዴው ሱቁን ነቅሎ ባቡሩ ወዳለበት ሄደ። መንደሯ ከዚያ ወዲህ አልበረታችም። በላብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኒኮዲመስ ዛሬ ትልቅ ከተማ ትሆን ነበር። ለክርክራችሁ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ጀርመኖቹም ቢሆኑ ሁልጊዜ አልተመቻቸውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመንኛ መናገር ወንጀል መሰለ። በርተን በምትባል የካንሳስ ከተማ ጦርነቱ ባለቀበት ቀን፣ ህዳር 11 ቀን 1918፣ ሰው ተሰብስቦ አንድ ሜኖናይት ገበሬን ቢጫ ቀለም ቀባው። የጦርነት ቦንድ አልገዛም ብሎ ነው። ኔብራስካ በ1919 ስምንተኛ ክፍል ላልጨረሰ ልጅ የውጭ ቋንቋ እንዳይማር ከለከለች። ሮበርት ማየር የሚባል የሉተራን ትምህርት ቤት መምህር አንድ የ10 ዓመት ልጅ ጀርመንኛ ሲያስነብብ ተያዘና 25 ዶላር ተቀጣ። እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክሮ በ1923 አሸነፈ። ልጆቻችን አሜሪካ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ አማርኛ ሲማሩ ማንም የማይናገረው አንዱ ምክንያት ይሄ ፍርድ ነው። ለማንኛውም ወላጆች ፈሩ፤ ጀርመንኛው በየቤቱ እየሳሳ ሄደ።

ካንሳስ መሬት ያልደረሳቸው የቮልጋ ሰዎች ደግሞ ኮሎራዶና ምዕራብ ኔብራስካ ስኳር የሚወጣበትን፣ የቀይ ሥር ዘመድ የሆነውን ሹገር ቢት ለመኮትኮት በኮንትራት ገቡ። ልጅ፣ አዋቂ ሳይባል በጉልበቱ ተንበርክኮ ይሠራ ነበር። እየቆየ ብዙዎቹ የራሳቸውን መሬት ገዙ። ልጆቹ ግን ለዚያ ስንት የትምህርት ቀን እንዳለፋቸው ብዙ አይወራም።

ቮልጋ ከቀሩት ዘመዶቻቸው ብዙዎቹ በ1921 እና በ1922 በረኃብ አለቁ። ነሐሴ 28 ቀን 1941 የሶቪየት መንግሥት የቀሩትን ሁሉ ወደ ሳይቤሪያና ካዛክስታን እንዲጋዙ አዘዘ። ስለዚህ ሃይስ አካባቢ የአያቶችን መንደር ማስታወስ ለሰዎቹ ቀላል ነገር አይደለም። ሽማግሌውን ደግመው ካገኟቸው «ከየትኛው መንደር?» ብለው ይጠይቋቸው፤ ሳያስቀምጡ አይለቁዎትም። ቅዱስ ፊደሊስ ከሃይዌዩ ቅርብ ነው፤ ገብቶ ማየት ይቻላል። ኒኮዲመስም ከ1996 ጀምሮ ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ ናት። እዚያ ግን ትራኩን ሃይስ አቁመው በትንሽ መኪና ቢሄዱ ይሻላል፤ ጓደኛዎንም ይዘውት ይሂዱ።